ሲስተር፣ ሲሪንጁን ስትከፍቺው ልየው

ይህ ጽሑፍ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። መገኘት ያልቻሉ እናቶች «ጻፊልን» ስላሉኝ በቃል እንዳቀረብኩት አስቀምጬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

እሁዳችሁን ሰውታችሁ፣ ልጆቻችሁን አቅፋችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጅ ቢያለቅስባችሁ አትሳቀቁ። እኔ ክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ በለቅሶ መሀል ማውራት ለምጃለሁ።

ዛሬ «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ልላችሁ አልመጣሁም። እንደምታስከትቡ አውቃለሁ። ገና ሳይነጋ ተነስታችሁ፣ ልጁን ጠቅልላችሁ፣ በዚህ አቧራና ጭቃ ጤና ጣቢያ ደርሳችሁ ስትሰለፉ የማያችሁ እኔ ነኝ። የመጣሁት ከዚያ በኋላ ስላለችው አጭር ጊዜ ልነግራችሁ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ የልጁ ጭን ተገልጦ፣ መርፌው ሊገባ ሲል ስላለችው ጊዜ። በዚያች ሰዓት ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። እኔ ደግሞ እንድታዩ እፈልጋለሁ። ካያችሁ በኋላም እንድትጠይቁ።

ለምን እንደማትጠይቁ ይገባኛል። ይሉኝታ አለ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው ያጉረመርማል። ነርሷ ደክሟታል፤ ፊቷም አይፈታም። «ብናገራት በልጄ ላይ ትወጣብኛለች» የሚል ፍርሃትም አለ። ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ያውቃል ብለን ነው ያደግነው። የተማረን ሰው መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል።

እኔ ወንበሩ ማዶ ቆሜ የማየውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት «ሲስተር፣ ይሄ የምን ክትባት ነው?» ስትለኝ እጄ ረጋ ይላል። ብልቃጡን እንደገና አነባለሁ። ካርዱን አያለሁ። የምሠራውን ሥራ በራሴ ድምፅ እሰማዋለሁ። በቀን ብዙ ልጅ ሲከተብ እጅ በልምድ ብቻ መሄድ ይጀምራል፤ ስህተት የሚገባውም ያኔ ነው። ጥያቄያችሁ ያንን ይሰብረዋል። ይህን የምለው ላባብላችሁ አይደለም። ሥራው እንደዚህ ስለሆነ ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እዚህ ካሉት አባቶችና እናቶች መካከል የመስታወቱን ሲሪንጅ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ተወግቶበት፣ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ለሌላ ሰው ይውላል። መቀቀሉ በደንብ ከተሠራ ብዙ ጀርም ይገድላል። ግን ጋዙ ያልቃል፤ ወረፋው ይበዛል፤ ሰው ይቸኩላል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ግብፅ ውስጥ ታይቷል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የቢልሃርዚያ በሽታን ለማጥፋት ሕዝቡን በዘመቻ በመርፌ ያክሙት ነበር። ዓላማው ቅን ነው። መርፌውና ሲሪንጁ ግን በደንብ ሳይጸዳ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። በዚህ የተነሳ የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው፣ በአገሪቱ በሰፊው ተሰራጨ። ግብፅ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ እጅግ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ሆና ቆየች።

ነገሩ የግብፅ ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ 2000 ያወጣው ግምት አለ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ ምክንያት 21 ሚሊዮን ሰው በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260 ሺህ ደግሞ በኤችአይቪ ተይዟል ይላል። ሄፓታይተስ ቢ ክፉ ቫይረስ ነው። ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ዓይን የማያየው የደም ጠብታ ይበቃዋል።

መፍትሔ የመጣው ሰውን በመምከር ብቻ አልነበረም። ሲሪንጁ ራሱ ተለወጠ። በ1999 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ አገሮች ሁሉ እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ለክትባት ራሱን የሚቆልፍ ሲሪንጅ ብቻ እንዲጠቀሙ ጠየቁ። እኛ ባለሙያዎቹ «ኤዲ ሲሪንጅ» እንለዋለን። ጤና ጣቢያ ልጆቻችሁ የሚከተቡበት እሱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መግፊያው ወደ ኋላ የሚሳበው አንድ ጊዜ፣ ክትባቱን ከብልቃጡ ለመቅዳት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሲጨርስ ይቆለፋል። በጉልበት ልሳበው ብትሉ ይሰበራል እንጂ ሁለተኛ አይቀዳም። መርፌውም ከሲሪንጁ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ስለዚህ ክትባት ላይ አንድ ሲሪንጅ ለሁለት ልጅ እንዳይውል የሚከለክለው የነርሷ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ራሱ እምቢ ይላል። በታዳጊ አገሮች በ2000 ከሚሰጡት መርፌዎች 40 በመቶ ያህሉ ቀድሞ በተሠራበት ዕቃ ይሰጡ ነበር። በ2010 ወደ 5.5 በመቶ ወርዷል። ይህ ትልቅ ድል ነው። በሥራዬ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱም ይሄ ነው።

«ታዲያ ዕቃው ራሱን የሚጠብቅ ከሆነ ምኑን እንጠይቅ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ። ሲሪንጁ ሊከላከለው የማይችለው ስህተት ስላለ ነው።

መጀመሪያ ግን ቀላሉን ላንሳ። ሲሪንጁ እናንተ ፊት ከማሸጊያው ሲወጣ እዩ። ማሸጊያው የተቀደደ ወይም የረጠበ ከሆነ ይጣላል። ከበር ስትገቡ ቀድሞ የተቀዳ፣ ትሪ ላይ የተደረደረ ሲሪንጅ ካያችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። እያንዳንዱ ክትባት የሚቀዳው ልጁ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ብልቃጡ ጎማ ላይ ተሰክቶ የቀረ መርፌም መኖር የለበትም፤ ጀርም መግቢያ በር ነው። አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ የዋለ ጥጥም እንደዚሁ፤ ብዙ እጅ ስለሚገባበት ይበከላል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ክትባቱ ሲበጠበጥ።

የኩፍኝና የቢሲጂ፣ ማለትም የሳንባ ነቀርሳ፣ ክትባት ፋብሪካው በዱቄት መልክ ነው የሚልከው። ጤና ጣቢያ ላይ በራሱ መበጥበጫ ፈሳሽ ይበጠበጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ይሆናል። ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። የዕለቱ ሥራ ቀድሞ ካለቀም ያኔውኑ ይጣላል። ምክንያቱም ውስጡ ጀርም የሚከላከል ነገር የለውም፤ አንዴ ከገባበት ይራባል። መበጥበጫውም ፋብሪካው ለዚያ ክትባት ያዘጋጀው መሆን አለበት። መበጥበጫ ሲሪንጁም ለእያንዳንዱ ብልቃጥ አዲስ ነው። እሱ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ክፍተቱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በ2017 ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ካፖኤታ በሚባለው አካባቢ የኩፍኝ ዘመቻ ነበር። 15 ሕፃናት ሞቱ። ሁሉም ከአምስት ዓመት በታች ናቸው። በምርመራው የተገኘው፣ ለመበጥበጫ የሚውለው አንድ ሲሪንጅ ዘመቻው በቆየባቸው አራት ቀናት ሁሉ ማገልገሉ ነው። ክትባቱም በቅዝቃዜ አልተያዘም። ክትባቱ ራሱ ደህና ነበር። የገደላቸው አያያዙ ነው። ከዚያ በፊት በ2014 ሶሪያ ውስጥ፣ ኢድሊብ ላይ፣ 15 ያህል ሕፃናት በተመሳሳይ የኩፍኝ ዘመቻ ሞተዋል። እዚያ ደግሞ ለቀዶ ሕክምና የሚያገለግል፣ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ከመበጥበጫው ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ብልቃጡ ተመሳሰለና ተሳሳቱ።

ይህን የነገርኳችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ኩፍኝ የሚገድለው ልጅ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ እኔም የራሴን ልጆች ያስከተብኩት እዚሁ ነው። የነገርኳችሁ፣ የትኛው ጥያቄ ክብደት እንዳለው እንድታውቁ ነው። «ሲስተር፣ ይሄ ኩፍኝ መቼ ነው የተበጠበጠው?» በሉ። ብልቃጡ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ መታየት አለበት። ነርሷ ይህን ጥያቄ ከሰማች፣ ካልጻፈችም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትጽፋለች።

በነገራችን ላይ «ቢሲጂ ለማግኘት ሐሙስ ነዪ ብለው መለሱኝ» እያላችሁ ስትማረሩ እሰማለሁ። ልክ ናችሁ፤ ያማርራል። ታክሲ ይዞ መጥቶ መመለስ ቀላል አይደለም። ምክንያቱ ግን ይኸው የስድስት ሰዓት ገደብ ነው። አንድ የቢሲጂ ብልቃጥ ለሃያ ሕፃናት የሚሆን ነው። ለአንድ ልጅ ከተከፈተ ቀሪው ይደፋል። ስለዚህ ጣቢያዎች ቀን ቆርጠው ልጆችን ያሰባስባሉ። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ከሩቅ የመጣች እናት ከምትመለስና ልጁ ሳይከተብ ከሚቀር፣ ብልቃጡ ቢደፋ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው። እናንተም «ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ሌላ ቀን ላይመቸኝ ይችላል» ብላችሁ ንገሯቸው።

ብልቃጡን ካነሳን አይቀር፣ አንድ የምትወዱት ነገር ላሳያችሁ። ብልቃጡ ወረቀት ወይም ክዳን ላይ ትንሽ ክብ ምልክት አለች። መካከሏ አራት ማዕዘን ነው። አራት ማዕዘኑ ከዙሪያው ክብ የነጣ ከሆነ ክትባቱን ሙቀት አላበላሸውም። ከክብው ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰ፣ ለማንም ልጅ አይሰጥም። ማንበብ ለማይችል ሰውም ይታያል። እናት «አሳዪኝ» ካለች ማሳየት ደቂቃ አይፈጅም። ምልክቷ የማትናገረው አንድ ነገር አለ፤ ክትባቱ በረዶ ሆኖ ከነበረ አታሳይም። ፔንታ፣ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው፣ እና የሳንባ ምች ክትባት በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። ያንን መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ቦታው። የት ነው የሚወጋው?

ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጡንቻ የሚገባ ክትባት የሚወጋው ጭኑ ላይ ነው፤ በፊት ለፊትና በውጭ በኩል። መቀመጫ ላይ አይወጋም። መቀመጫ ውስጥ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። መርፌ እሱን ከነካ ልጁ እግሩን መጎተት ሊጀምር ይችላል። ሳይድን የሚቀርም አለ። ለአዋቂም ቢሆን ክትባት መቀመጫ ላይ አይሰጥም። ለጉበት ማለትም ለሄፓታይተስ ቢ፣ እንዲሁም ለእብድ ውሻ የሚሰጠው ክትባት መቀመጫ ላይ ሲወጋ ስብ ውስጥ ይቀርና ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህ በእኛ ሰፈር ውሻ ይበዛል። ከተነከሳችሁና ክትባት ከጀመራችሁ፣ አዋቂ ክንዱ ላይ፣ ሕፃን ጭኑ ላይ። «ቂጤ ላይ ይሁንልኝ፣ ክንዴን ያመኛል» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ይቅርታ እየጠየቅሁ እምቢ እላለሁ።

አዋቂዎች ላይ ሌላ ስህተት አለ፤ ከፍ አድርጎ መውጋት። ትክክለኛው ቦታ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ጡንቻው የሚወፍርበት ነው። ከዚያ በላይ ከተወጋ መድኃኒቱ መገጣጠሚያው አካባቢ ሊገባ ይችላል። ያኔ የሚመጣው ሕመም እንደ ተራ የክትባት ሕመም በሁለት ሦስት ቀን አይለቅም። ክንድ አልነሳ ይላል። ፀጉር መሠራት፣ ነጠላ መደረብ ያቅታል። ወራት ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ይህን የትከሻ ጉዳት በክትባት ምክንያት ካሣ ከሚያስገኙ ጉዳቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጥፋቱ የክትባቱ ሳይሆን የአወጋጉ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ልብስ ነው። ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ሰው ሹራብ፣ ጃኬት ደራርቦ ይመጣል። ከዚያ አንገቱን ጎትቶ ትከሻውን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ነርሷም የታያት ቦታ ላይ ትወጋለች፤ የታያት ግን ከሚገባው በላይ ነው። ስለዚህ እጅጌው ሰፊ ልብስ ልበሱ። ወይም ሙሉ በሙሉ አውልቁት። ተቀመጡ፤ ነርሷም ብትቀመጥ ጥሩ ነው፤ ቆማ ስትወጋ እጇ ከፍ ይላል። «ሲስተር፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ» ማለት ስድብ አይደለም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ጉዳይ። ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ በስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁም ደውለው የነገሯችሁ አላችሁ። «መርፌው ከገባ በኋላ መግፊያውን ወደ ኋላ ስባ፣ ደም አለመምጣቱን አይታ ትወጋሽ» የሚለው።

ሐሳቡ ከየት መጣ? የድሮ ነርሶች ሁሉ የተማሩት ነው። መርፌው ደም ሥር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ እንደገና ተነሳ። በ2021 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ኤምአርኤንኤ የሚባለውን ክትባት በአይጦች ደም ሥር ውስጥ ሲሰጡ ልባቸው መቆጣቱን አሳየ። የዴንማርክ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ለጥንቃቄ ሲል በኮቪድ ክትባት ጊዜ ወደ ኋላ ይሳብ አለ። ጀርመንም በ2022 ተከተለች። ስለዚህ ይህን የጠየቀ ሰው ሞኝ አይደለም። በዩቲዩብ የተታለለ ነው ብሎ መሳቅም ነውር ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ይኸውላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ክትባት ሲሰጥ ወደ ኋላ መሳብ አያስፈልግም ብሏል። የእንግሊዝና የአሜሪካ መመሪያዎችም እንደዚሁ ናቸው። ሁለት ምክንያት አላቸው። ክትባት የሚሰጥባቸው ቦታዎች፣ ጭንና ክንድ ላይ ባሉት ትክክለኛ ስፍራዎች፣ ትልቅ የደም ሥር የለም። ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ ሲሳብ መርፌው ሥጋ ውስጥ ይቆያል፤ ይነቃነቃል፤ ሕፃኑን ይበልጥ ያመዋል።

ለእኛ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት አለ። ቅድም የነገርኳችሁን ሲሪንጅ አስታውሱ። ወደ ኋላ የሚሳበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መርፌው ልጃችሁ ጭን ውስጥ እያለ ነርሷ መግፊያውን ልሳብ ብትል ሲሪንጁ ሊቆለፍ ይችላል። መርፌው ይወጣል፤ ክትባቱ ይባክናል፤ ልጁ ሁለተኛ ይወጋል። ያ ሲሪንጅ ከኤችአይቪና ከጉበት ቫይረስ የሚጠብቀን በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ላይ ይህን ጥያቄ ተዉት እላችኋለሁ። ነርሷ እምቢ ብትል ችላ ስላለቻችሁ አይደለም። አዋቂ ሆናችሁ በተራ ሲሪንጅ የምትከተቡ ከሆነ ግን ጠይቁ። ባለሙያው አድርጎላችሁም ይሁን ሳያደርግ፣ ምክንያቱን በአክብሮት ሊያስረዳችሁ ይገባል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሰው ስለዚህች ስለመሳብ ሲከራከር፣ ብልቃጡ መቼ እንደተበጠበጠ ግን አይጠይቅም። ትከሻው ላይ ከፍ ብሎ ሲወጋም ዝም ይላል። ጉልበታችሁን ልጃችሁን በእርግጥ የሚጠብቀው ላይ አውሉት።

ስለ አጠያየቅ ደግሞ ጥቂት ልበል። ሰላምታ ይቅደም። «ሲስተር፣ ደህና ዋልሽ፣ ሲሪንጁን ስትከፍቺው ልየው እባክሽ» በሉ። ከእናንተ ታላቅ ከሆነች «ሲስተር፣ እባክዎ ያሳዩኝ» በሉ። ጥያቄውን መርፌው ከመግባቱ በፊት አንሱ። መርፌ ከገባ በኋላ እጇን አትያዙባት፤ ሁላችሁም ትጎዳላችሁ። ልጁን አጥብቃችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ እቀፉት፤ ጭኑ እንዳይወራጭ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አጥቡት፤ እየጠባ ቢወጋ ሕመሙ ይቀንስለታል። ከተወጋ በኋላ ቦታውን አትሹት። ያገለገለው መርፌ ሳይከደን በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ይግባ። መልሶ የሚከድን ባለሙያ ካያችሁ ለእሱ ራሱ ፍሩለት፤ ነርሶች ራሳቸውን ከሚወጉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ። ከስንት አንድ ልጅ ሰውነቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ከተቆጣ መድኃኒቱ ያለው እኛ ጋ ነው።

ከመጨረሴ በፊት ግን ከጤና ጣቢያ ውጭ ልውጣ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 16 ቢሊዮን ያህል መርፌ ይወጋል። ከዚያ ውስጥ ክትባት የሆነው 5 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው አብዛኛው ሕክምና ነው። እኛም ዘንድ «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚል ሰው ሞልቷል። ጉንፋን ሲይዘው መርፌ። ወገቡን ሲያመው መርፌ። በየሰፈሩ ቤት ለቤት የሚወጉ ሰዎች መኖራቸውን እናንተም እኔም እናውቃለን። ካምቦዲያ ውስጥ፣ ሮካ በምትባል መንደር፣ በ2014 ከ200 በላይ ሰዎች ኤችአይቪ ተገኘባቸው። ሕፃናትም አዛውንቶችም ነበሩበት። መነሻው ፈቃድ የሌለው አንድ የመንደር ሐኪም ሲሪንጅ ደግሞ ደጋግሞ መጠቀሙ ነው። ሰፈርተኛው ይወደው ነበር። ቤት ድረስ ይመጣል፤ ገንዘብ ባይኖርም ያክማል። «መርፌውን ቀይሬዋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁም አትቀበሉ። ደም ሲሪንጁ ውስጥም ይገባል። ሁለቱም አዲስ መሆን አለባቸው። ከሁሉ በፊት ግን «በሚዋጥ መድኃኒት አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተቀበልኩ።

አንድ አባት «የራሳችንን ሲሪንጅ ገዝተን እንምጣ ወይ?» አሉ። ለክትባት አያስፈልግም አልኳቸው። ክትባቱ ሲላክ ሲሪንጁና ሴፍቲ ቦክሱ ተመጣጥነው አብረው ይመጣሉ። ከፋርማሲ የሚገዛው ተራው ዓይነት ነው። ልኩም ለሕፃን ላይስማማ ይችላል። ለምሳሌ ቢሲጂ በጣም ትንሽ ነው፤ 0.05 ሚሊ ሊትር፤ የራሱ ቀጭን ሲሪንጅ አለው።

አንዲት ወጣት እናት «ልጄ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ተወጋ፤ አይበዛም?» አለችኝ። አይበዛም። ፔንታው አንድ ጭን ላይ፣ የሳንባ ምቹ ሌላው ላይ ይሰጣል። አንድ ሲሪንጅ ውስጥ መቀላቀል ግን አይፈቀድም። በአንድ ቀን መሰጠቱ ሌላ ቀን ከመመላለስም ያድናታል።

«ጠይቀን ቢቆጡንስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁለት ሦስት ቦታ መጣ። አልደበቅኳቸውም፤ ሊቆጡ ይችላሉ። ያኔ መልሳችሁ አትቆጡ፤ ልጁንም ሳይከተብ ይዛችሁ አትውጡ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጥያቄውን አንድ ጊዜ ድገሙት። መልስ ካላገኛችሁ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አናግሩ። ሰፈራችሁ የምትመጣውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ንገሯት፤ እሷ ታውቃችኋለች፣ ጣቢያውንም ታውቀዋለች። ሁለት ሦስት እናቶች አንድ ላይ ሆናችሁ ብትናገሩ ይበልጥ ይሰማል። ለዚህ ዕድራችሁም ይጠቅማል።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ከኋላ ተቀምጣ የነበረች ሴት ናት። ከተከተበች ወዲህ ቀኝ ክንዷ ከትከሻ በላይ አይነሳም። ሳምንታት አልፈዋል። ወጌሻ ጋ ሄዳ ልትታሽ ነበር። እንዳትሄድ ነገርኳት፤ የተቆጣ መገጣጠሚያ ሲታሽ ሊብስ ይችላል። ሐኪም ይያት፤ የሕመም ማስታገሻና ቀስ በቀስ የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ይረዳል። መቼ፣ የትኛው ክንዷ ላይ፣ ምን እንደተከተበች የሚያሳየውን ካርድም ይዛ ትሂድ። ከክትባት በኋላ የሚመጣ ጉዳት በጤና ባለሙያው በኩል ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት መደረግ አለበት። ቅጹን ራሷ መሙላት አይጠበቅባትም። «ይህን መዝግቡልኝ» ማለት ግን ትችላለች።